ምስሉ ሲዘገይ፣ ዜማው ሲገባ



የዚህ ዝግጅት አዘጋጆች ሲጋብዙኝ የሰጡኝ ርዕስ «በነፃ ማቀናበሪያዎች የቪዲዮን ፍጥነት መቀየርና ሙዚቃ ማስገባት» የሚል ነው። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች ያያቸዋል። አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ምስሉን ያዘገያል፤ ሌላውን ተጭኖ ዘፈን ይጨምራል። እኔ ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ላሳያችሁ መጥቻለሁ። ፍጥነትም ሙዚቃም የሚነኩት የተመልካቹን ጊዜ ነው። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ያዙልኝ፦ መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ወስኑ።

ንግግሬ አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያ የፊልም ፍጥነት ከድምፅ ጋር እንዴት እንደተሳሰረ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው ክፍል ፍጥነት ስንቀይር በምስሉ ላይ የሚሆነውን ያሳያል። ሦስተኛው ስለ ሙዚቃ አገባብ ነው። በአራተኛው ስለ እውነትና ስለ ሰው መብት እናገራለሁ።

አንደኛ፤ ፍጥነትና ድምፅ እንዴት ተሳሰሩ?

ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን ካሜራው በእጅ ይዘወር ነበር። ቀራጩ በሰከንድ 16 ፍሬም አካባቢ ይቀርጽ ነበር፤ ከ20 የሚያልፍበትም ጊዜ ነበረ። እጁን ፈጠን ካደረገ በማሳያው ላይ ሰዎቹ ይዘገያሉ፤ እጁን ካዘገየ ሰዎቹ ይፈጥናሉ። ዛሬ በየቤታችን የምናያቸው አንዳንድ የጥንት ፊልሞች ላይ ሰው ሁሉ የሚሯሯጥ የሚመስለው በ16 ፍሬም የተቀረጸው በ24 ስለሚታይ ነው። ያኔ የነበሩት ሰዎች ከእኛ የበለጠ ችኩል ሆነው አይደለም።

ማዘግየትም ቢሆን የዛሬ ፈጠራ አይደለም። አውጉስት ሙዝገር የተባለ ኦስትሪያዊ ቄስና የፊዚክስ መምህር በ1904 እ.ኤ.አ. የዝግታ ምስል የሚያሳይ መሣሪያ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ምስል ማፍጠንና ማዘግየት እንግዲህ የፊልም እኩያ ነው ማለት ይቻላል።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ከምስሉ ጋር አብሮ መሄድ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ዓይን የፍጥነትን መዛባት ይታገሣል፤ ጆሮ አይታገሥም። ድምፁ ሲፈጥን ይቀጥናል፤ ሲዘገይ ይወፍራል። ስለዚህ ፍጥነቱ እንደ ቀራጩ እጅ መሆኑ ቀርቶ በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ ጸና። ፍጥነትን ያስተዳደረው ድምፅ ነው! ይህ ታሪክ የዛሬውን ሥራችንንም ይመለከታል። ድምፅ በሌለው ምስል ላይ ፍጥነቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። ድምፅ ባለበት ግን ፈቃዱን ከድምፁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን በያዘችው የቴሌቪዥን ሥርዓት ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የሚሄደው። በዚህ ሥርዓት በ24 የተሠራ ፊልም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ በ25 ይታይ ነበር። ይህ የ4 በመቶ ጭማሪ የ100 ደቂቃን ፊልም 96 ደቂቃ ያደርገዋል። ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል፤ ከተመልካቹ ግን ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ትንሽ ለውጥ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ትልቅ ለውጥ ራሱን ያጋልጣል። ይህን ልኬት አትርሱ።

ሁለተኛ፤ ፍጥነት ስንቀይር ምን ይሆናል?

ሁላችሁም የምታውቁትን ውድድር ልጥራ። በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴና ፖል ቴርጋት። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ፤ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው ጊዜ እንኳ ያንሳል።

ይህን በእኛ ሥራ እንለካው። በሰከንድ 25 ፍሬም በሆነ ቪዲዮ አንዱ ፍሬም 4 መቶኛ ሰከንድ ይይዛል። ስለዚህ በኃይሌና በቴርጋት መካከል ያለው ሁሉ በሁለት ፍሬም ከጥቂት ውስጥ ያልቃል። ያንን ቪዲዮ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ፍጥነቱን 25 በመቶ ብታደርጉት ምን ታገኛላችሁ? አዲስ ነገር አታገኙም። ያንኑ ሁለት ፍሬም እያንዳንዱን አራት ጊዜ ታያላችሁ፤ ምስሉም ይንገጫገጫል። በሰከንድ 100 ፍሬም ተቀርጾ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያ ልዩነት ውስጥ 9 የተለያዩ ምስሎች ይኖሩ ነበር። ዝግታ የሚሠራው በቀረጻ ጊዜ ነው፤ ማቀናበሪያው ያልተቀረጸውን ሊያመጣ አይችልም። በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለውን እየገመቱ አዲስ ፍሬም የሚሠሩ መንገዶች አሉ። እነሱም ቢሆኑ ግምት ናቸው፤ ጣት በጣት ላይ ሲያልፍ ወይም የነጠላ ጥለት ሲወዛወዝ ምስሉ ይቀልጣል።

ስለዚህ ልታዘገዩት ያሰባችሁትን ትዕይንት በሰከንድ 50 ወይም 60 ፍሬም ቅረጹት። ስልካችሁ 100 ወይም 120 የሚችል ከሆነም ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ ግን የአገራችን መብራት አንድ ፈተና አለው። ኤሌክትሪካችን 50 ሄርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደክማሉ። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። በሰርግ አዳራሽ በ120 ፍሬም የተቀረጸ ምስል ሲዘገይ ግድግዳው ብልጭ ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በአምፖል ብርሃን ስትቀርጹ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት። 120 ፍሬምን ለፀሐይ ብርሃን አቆዩት።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ኬደንላይቭ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኦፕንሾት ደግሞ ከ2008 ጀምሮ እየዳበሩ የመጡ ናቸው። ሾትከትም አለ። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ ኮዳቸውም ለሁሉ ክፍት የሆነ ማቀናበሪያዎች ናቸው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራሉ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ኮዱ ክፍት ባይሆንም ገንዘብ የማይጠየቅበት ቅጂ አለው፤ ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። እነዚህን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም ትሠሩባቸዋላችሁ። ጥበቃው የተሰበረ የንግድ ሶፍትዌር በፍላሽ እየተቀባበላችሁ ቫይረስ አብራችሁ የምታስገቡ ሁሉ፣ ይህን አማራጭ በአክብሮት አስቡበት። የሰውን ድካም ሳትሰርቁ ሙሉ ሥራ መሥራት ይቻላል።

በኬደንላይቭ ክሊፑን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ፍጥነት መቀየሪያውን ስትመርጡ በመቶኛ የሚጻፍበት ሳጥን ይከፈታል። በሾትከት ክሊፑን መርጣችሁ የባሕርያት ሰሌዳውን ስትከፍቱ የፍጥነት ቁጥሩ እዚያ አለ። በኦፕንሾት ክሊፑን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ከጊዜ ምርጫው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 10 ሰከንድ የነበረ ክሊፕ በ50 በመቶ 20 ሰከንድ ይሆናል፤ በ200 በመቶ 5 ሰከንድ ይሆናል። ኮምፒውተራችሁ ደካማ ከሆነ ኬደንላይቭ ከትልቁ ቪዲዮ ቀለል ያለ ምትክ ሠርቶ በዚያ ያሠራችኋል፤ ሲያልቅ ዋናውን ራሱ ይመልሰዋል። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ የፍሬሙ ብዛት ከሰከንድ ሰከንድ ሊለዋወጥ ይችላል። ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ሲለያዩ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ከማቀናበራችሁ በፊት ቪዲዮውን ወደማይለዋወጥ የፍሬም ብዛት ቀይሩት።

ማፍጠንም የራሱ ቦታ አለው። ቡና የማፍላቱን ሥርዓት የሚያሳይ ቪዲዮ ትሠራላችሁ እንበል። መቁላቱ 10 ደቂቃ ከፈጀ በ2000 በመቶ 30 ሰከንድ ይሆናል፤ የቡናው መልክ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ቡናማ ሲሄድ ዓይን በደንብ ይከተለዋል። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ግን ወደ ልኩ ፍጥነት ተመለሱ። ያ ድምፅ ሲፈጥን ትርጉሙን ያጣል። አሁንም ያው ነው፦ መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ወስኑ።

ሦስተኛ፤ ሙዚቃው እንዴት ይግባ?

ብዙ ሠሪ ሙዚቃ የሚያስገባው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዜማው የሚመረጠው መጀመሪያ ነው፤ ምስሉ የሚቆረጠው በእሱ ላይ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። በ25 ፍሬም ሥራ ውስጥ 1500ን ዜማው በደቂቃ በሚመታው ምት ብዛት ስታካፍሉ ለአንድ ምት የሚደርሰውን ፍሬም ታገኛላችሁ። በደቂቃ 75 ምት ከሆነ አንዱ ምት 20 ፍሬም ነው፤ 100 ከሆነ 15 ፍሬም ነው። እንግዲህ ሙሽራዋ ዞር ስትል 3 ሰከንድ ይፈጅባታል እንበል። በደቂቃ 100 ምት በሆነው ዜማ ውስጥ የስምንት ምት ርዝመት 4.8 ሰከንድ ነው። 3ን ለ4.8 ስታካፍሉ 62.5 በመቶ ይመጣል። ፍጥነቱ ይህ ነው! 50 በመቶ ይሁን 40 እያላችሁ አትገምቱም፤ ዜማው ራሱ ነገራችሁ። ሙሽራዋ ዞራ ስትጨርስ ሐረጉም አብሮ ያልቃል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ሳያውቅ ደስ ይለዋል።

ቀጥሎ ስለ እስክስታ። የሰርግ ቪዲዮ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ጨፋሪው ትከሻውን ሲመታ የሚመታው ለከበሮው ነው። ምስሉን በግማሽ አዘግይታችሁ ከበሮውን በነበረበት ከተዋችሁት ትከሻው ከምቱ ይወጣል። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀውን ጭፈራ እንደማይችል አስመሰላችሁት ማለት ነው። እስክስታን በልኩ ፍጥነት ተዉት። ማዘግየት ካለባችሁ ከበሮውን አውጥታችሁ ዝግ ያለ፣ ምቱ ያልጎላ ዜማ አስገቡ፤ ተመልካቹ ያን ጊዜ ትከሻውን በምት መመዘኑን ትቶ የጨፋሪውን ፊትና የልብሱን አወዛወዝ ያያል።

የእልልታውም ነገር እንዲሁ ነው። እናት ልጇን ስትድር የምታሰማው እልልታ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ በአንድ ሙሉ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ደስታው ወደ ሲቃ ይለወጣል። በኬደንላይቭና በሾትከት የድምፁን ቅጥነት እንዳለ የሚያቆይ ምርጫ ስላለ ምልክት አድርጉበት። እሱ ግን ለትንሽ ለውጥ እንጂ ለትልቅ ለውጥ አይበቃም። የተሻለው መንገድ ፍጥነቱን ከመቀየራችሁ በፊት ድምፁን ከምስሉ መለየት ነው። ምስሉን አዘግዩት፤ እልልታውን በልኩ ፍጥነት ከሥሩ አኑሩት። እናትየዋ በዝግታ ስትስቅ እውነተኛ እልልታዋ ይሰማል። ይህን አንድ ዘዴ ብቻ ብትለምዱ የሥራችሁ ደረጃ ይቀየራል።

የማይነካ ፍጥነትም አለ። ማኅሌት የምትቀርጹ ልብ በሉ። ዜማው ከቁም ተነሥቶ በዝማሜና በመረግድ አልፎ ወደ ጽፋት ሲደርስ ፍጥነቱን የሚጨምረው በሥርዓት ነው። መቋሚያው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ የየራሳቸው ተራ አላቸው። ሊቃውንቱ ያስተካከሉትን ፍጥነት እኛ በኮምፒውተር ልናስተካክለው አይገባም። ርዝመቱ ከበዛ ቁረጡ፤ አታፍጥኑ፤ ሌላ ሙዚቃም አትደርቡበት።

ስለ ድምፅ መጠን በአጭሩ ልናገር። ሰው የሚናገርበት ቦታ ካለ የንግግሩ ከፍተኛ ድምፅ በመለኪያው ላይ ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይሁን። ከሥሩ የሚሄደውን ሙዚቃ ለመነሻ ያህል ከንግግሩ 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉትና በጆሯችሁ አስተካክሉ። ንግግሩ አማርኛ ከሆነ ከሥሩ አማርኛ ግጥም ያለው ዘፈን አታስገቡ፤ ሁለቱ ቃላት ይጣላሉ። ክራር፣ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ ብቻውን ይበቃል። ሙዚቃውን በሐረጉ መካከል አትቁረጡት፤ ሐረጉ ሲያልቅ ቀስ እያለ ይጥፋ። ቅኝቱንም አስቡበት፤ ትዝታ ናፍቆትን ይዞ ስለሚመጣ ለሱቅ ምርቃት ላይስማማ ይችላል። በመጨረሻም ሥራውን በማዳመጫም በስልክ ድምፅ ማውጫም ስሙት፤ ተመልካቻችሁ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በስልኩ ነው።

አራተኛ፤ እውነትና መብት።

ፍጥነት መቀየር የሰውን ምስክርነት ሊለውጥ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ የተናገሩበት ቪዲዮ ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ አካባቢ ወርዶ ተሠራጨ። ሴትየዋ አንደበታቸው የተሳሰረ፣ የሰከሩ መሰሉ። አንድም ቃል አልተጨመረም፤ አንድም ቃል አልተቀነሰም። የተነካው በዋናነት ፍጥነቱ ነበር፤ ሚሊዮኖችም አዩት።

ኳስ ወዳዶች ደግሞ ይህን ታውቁታላችሁ። በቪዲዮ የሚረዱ ዳኞች የዝግታ ምስልን እንዲጠቀሙ የተመከረው ንክኪው የት እንደነበረ ለማየት ነው። የጥፋቱን ክብደት ሲመዝኑ ግን በልኩ ፍጥነት እንዲያዩት መመሪያው ያዛል። ምክንያቱም የዘገየ ምስል አድራጊው ለማሰብ ጊዜ የነበረው፣ ሆን ብሎ ያደረገው ያስመስላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፦ የወንጀል ቪዲዮን በዝግታ ያዩ ሰዎች አድራጊው ሆን ብሎ ነው ያደረገው ወደ ማለት የበለጠ ያዘነብላሉ። እንግዲህ የመኪና አደጋ፣ የጎረቤት ጠብ፣ የሰው ንግግር ስትቀርጹ ፍጥነቱን አትንኩ። ለማስረዳት ማዘግየት ግድ ከሆነ «ፍጥነቱ ቀንሷል» ብላችሁ ምስሉ ላይ ጻፉበት። የሚያስለቅስ ወይም የሚያስፈራ ሙዚቃም ከሥሩ አታስገቡ፤ ያ ከተመልካቹ በፊት ፍርድ መስጠት ነው።

ወደ መብት ልምጣ። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት፤ በኋላም ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዜማው ከጥንት የወረስነው የሕዝብ ሀብት ቢሆን እንኳ የተጫወተውና የቀረጸው በቅጂው ላይ መብት አላቸው። «የአገሬ ዜማ ነው» ብሎ የሰውን ካሴት መውሰድ አይቻልም። ዩቲዩብም ላይ የተመዘገበን ሙዚቃ ራሱ ለይቶ የሚያውቅ ሥርዓት አለ፤ ቪዲዮው ሊታገድ ወይም ገቢው ወደ ባለመብቱ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ከየት እናምጣ? ዩቲዩብ ለሠሪዎች የሚያቀርበው የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት አለ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስፋፋው የፈቃድ ሥርዓትም አለ። ፈቃዱን ግን አንብቡት። አንዳንዱ የባለሙያውን ስም ብቻ እንድትጠቅሱ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ለንግድ አትጠቀሙ ይላል። «ሥራውን አትለውጡ» የሚለው ፈቃድ ደግሞ ለቪዲዮ አይሆንም፤ በዚህ ሥርዓት ሙዚቃን ከሚንቀሳቀስ ምስል ጋር ማዋሐድ ራሱ እንደ ለውጥ ይቆጠራል።

ከሁሉ የምወደውን መንገድ ለመጨረሻ ያቆየሁት በሰፈራችሁ ስለሚገኝ ነው። ክራር የሚጫወት ወጣት፣ ማሲንቆ የሚገዘግዝ አዝማሪ፣ ዋሽንት የሚነፋ ልጅ አታጡም። ጸጥ ባለ ክፍል በስልካችሁ ቅረጹት፤ ተገቢውን ክፈሉት፤ ለምን ሥራ እንደምትጠቀሙበት በጽሑፍ ተስማሙ፤ ስሙን ቪዲዮው ላይ ጻፉ። ፍጥነቱንም ከእሱ ጋር ትመርጣላችሁ። ለሙሽራዋ አዟዟር በደቂቃ 75 ምት ካስፈለጋችሁ በ75 ይጫወትላችኋል። እንዲህ ያለ ልክ የሆነ ሙዚቃ በየትኛውም ድረ ገጽ ላይ አታገኙም።

ወዳጆቼ፣ የቤት ሥራ ሰጥቻችሁ ልሰናበት። በዚህ ሳምንት ከቤታችሁ ድምፅ ያለበትን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ከእሱ ሦስት ሥራ አውጡ። የመጀመሪያውን ምንም ሳትነኩ ተዉት። ሁለተኛው ላይ ምስሉን አዘግይታችሁ ድምፁን በልኩ አቆዩት። ለሦስተኛው ዜማ መርጣችሁ ፍጥነቱን በስሌት ከዜማው አውጡ። ከዚያ በቦታው ላልነበረ ሰው ሦስቱንም አሳዩትና የገባውን ጠይቁት። ያልተነካው በለጠ ካላችሁ አትዘኑ፤ መቼ እጅ መሰብሰብ እንዳለበት ማወቅም ሙያ ነው።

መሣሪያው ዛሬ በነፃ በእጃችሁ አለ። ዋጋ የሚጠይቀው ጆሯችሁና ሐቀኝነታችሁ ነው፤ እነዚህን ደግሞ ማንም አይሸጥላችሁም፤ በሥራ ታዳብሯቸዋላችሁ። መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ወስኑ።